መጽሐፉን ይዞ የሚወጣው ማን ነው?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው የአንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍትን ታሪክ ነው። ከተማዋ ኒው ዮርክ ናት። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ አሳውቄያችሁ ልጀምር።

ስለ ኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በ5ኛው ጎዳና ላይ ያለው የዕብነ በረድ ሕንፃና በደጁ የተጋደሙት ሁለት የድንጋይ አንበሶች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ሕንፃው ያምራል። እኔ ግን ዛሬ ዓይናችሁን ከአንበሶቹ ላይ አንሥታችሁ በሩን እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ በር የሚገባው ማን ነው? መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄደውስ? ለበር ከፋቹ ደመወዝ የሚከፍለውስ ማን ነው? የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት የመቶ ሰባ ዓመት ታሪክ የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ክርክር ነው።

ጆን ጄኮብ አስተር በወጣትነቱ ከጀርመን ተሰድዶ የመጣ፣ መጀመሪያ በአውሬ ቆዳ ንግድ፣ ኋላም በኒው ዮርክ መሬት የከበረ ሰው ነው። በ1848 ሲሞት በአገሪቱ እሱን የሚያህል ባለጸጋ አልነበረም። ከሀብቱ ላይ 400 ሺህ ዶላር ቀንሶ፣ ለሕዝብ የሚሆን ቤተ መጻሕፍት ይቋቋምበት ብሎ ተናዘዘ። መጻሕፍቱን የመሰብሰቡ ሥራ ለጆሴፍ ኮግስዌል ተሰጠ። ኮግስዌል የተማረ፣ አገር ያየ ሰው ነበርና አውሮፓ ድረስ እየተመላለሰ ገዛ፤ ቤቱ በ1854 ሲከፈት 80 ሺህ ገደማ ጥራዝ ተደርድሮ ነበር። መግቢያው በነጻ። ማንም ገብቶ ማንበብ ይችላል ተባለ።

ማንም ሲባል እንግዲህ ቀን ሥራ የሌለበት ማንም ማለት ነው። ቤቱ ጠዋት ተከፍቶ ጀንበር ሳትጠልቅ ይዘጋል፤ እሳት ይነሳል ተብሎ ስለተፈራ መብራት አልገባለትም። መጽሐፍ ይዞ መውጣት ፈጽሞ ክልክል ነው። ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ የሚውለው፣ ስፌት ቤት መርፌ ላይ አጎንብሳ የምትውለው፣ ከሥራ ሲለቀቁ በሩ ተቆልፎ ያገኙታል። የሚገርመው፣ ኮግስዌል በሚመጡትም ደስተኛ አልነበረም። የትምህርት ቤት ልጆች እየገቡ የማይረባ ነገር ያነባሉ ብሎ በደብዳቤው አማሯል። የማይረባ ካላቸው ደራሲዎች መካከል ቻርልስ ዲከንስና ዋልተር ስኮት ነበሩበት! ዛሬ ወላጅ ልጁን ዲከንስ ሲያነብ ቢያገኘው ለጎረቤት ያወራል።

ከአስተር ሌላ ጄምስ ሌኖክስ የሚባል ሀብታም ነበር። የመጽሐፍ ፍቅሩ ብርቱ ነው፤ በ1847 ወደ አሜሪካ የገባውን የመጀመሪያውን የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ የገዛው እሱ ነው። እሱም በ1877 ቤተ መጻሕፍቱን ለሕዝብ ከፈተ፤ ይሁንና ለመግባት አስቀድሞ ትኬት መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ከሁለቱም በፊት፣ ከ1754 ጀምሮ፣ በአባልነት ክፍያ የሚተዳደር ቤተ መጻሕፍት በከተማዋ ነበር፤ ከ1820 ወዲህም የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ለሙያ ተለማማጆች የከፈተው አለ። እነዚህን አልፋቸዋለሁ፤ አባል ለሆነ ብቻ ናቸውና።

(አጭር ሙዚቃ)

ነገሩን የለወጠው ሀብታም አይደለም፤ የስፌት ትምህርት የሚያስተምሩ ሴቶች ናቸው። በ1870ዎቹ መጨረሻ በግሬስ ቤተ ክርስቲያን ለድሃ ልጃገረዶች ስፌት የሚያስተምሩ ወይዛዝርት ነበሩ። አንዲት መምህርት ተማሪዋ በጥድፊያ የታተመ፣ በነፍስ ግድያና በጠለፋ የተሞላ የአምስት ሳንቲም ታሪክ ስታነብ ታገኛለች። ብትነጥቃት ሌላ ትገዛለች። ስለዚህ መቀማቱን ትታ የተሻለ ነገር ልስጣት ብላ አሰበች። መጻሕፍት ተለምነው ተሰበሰቡ፤ በ13ኛው መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተገኘች፤ 500 ያህል መጽሐፍ ተደረደረ። ክፍሏ የምትከፈተው በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ለሁለት ሰዓት ብቻ ነበር።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። በዚያች ቀን ሕፃናቱ መንገዱን ዘግተው ይጠብቃሉ፤ ሲከፈት እየተጋፉ ይገባሉ፤ መደርደሪያው ባዶ እስኪቀር ይዋሳሉ። ከአስተር ቤት በእግር የሚደረስ ቦታ ላይ ነው ይህ የሆነው። እዚያ 80 ሺህ ጥራዝ ፀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ እዚህ 500 መጽሐፍ አልበቃ ብሏል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፦ እዚህ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ክፍሏ በ1880 በሕግ ተቋቁማ የኒው ዮርክ የነጻ ውሰት ቤተ መጻሕፍት ተባለች። ቅርንጫፍ እየጨመረች ሄደች። ከነዚህ አንዱ በ1884 በሁለተኛው ጎዳና የተከፈተው የኦተንዶርፈር ቅርንጫፍ ነው። ኦስዋልድ ኦተንዶርፈር የጀርመንኛ ጋዜጣ አሳታሚ ነበር፤ ሰፈሩም ያን ጊዜ በጀርመን ስደተኞች የተሞላ ስለነበር፣ ከሰጣቸው 8 ሺህ ገደማ መጻሕፍት ግማሹ በጀርመንኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነበር። ስደተኛው አገሩን የሚለምደው ቋንቋውን ሲነጠቅ ሳይሆን ሲከበርለት ነው የሚል እምነት ከዚያ ምርጫ ውስጥ ይታየኛል። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል፤ ዛሬም መጽሐፍ ያውሳል።

አሁን ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ። ሳሙኤል ቲልደን የኒው ዮርክ ገዥ የነበረ፣ በ1876 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የሕዝቡን ብዙ ድምፅ አግኝቶም በወኪሎች ድምፅ በአንድ ልዩነት የተሸነፈ ጠበቃ ነው። ልጅ አልነበረውም። በ1886 ሲሞት አብዛኛውን ሀብቱን ለነጻ ቤተ መጻሕፍት ተናዘዘ። ዘመዶቹ ግን ዝም አላሉም፤ ኑዛዜው ይፍረስልን ብለው ከሰሱ፤ በ1891 ረቱ። ይህን ያህል ዕድሜውን በሕግ ያሳለፈ ሰው ኑዛዜው በሕግ ፈረሰበት። ደግነቱ ከወራሾቹ አንዷ ቀደም ብላ ከኑዛዜው ባለአደራዎች ጋር ታርቃ ስለነበር ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተረፈ።

እንግዲህ ሁኔታው ይህ ነው፦ አስተር ቤትና መጽሐፍ አለው፣ ገንዘቡ አልቋል። ሌኖክስ ብርቅ መጽሐፍ አለው፣ ገንዘብ የለውም። የቲልደን ባለአደራዎች ገንዘብ አላቸው፣ ቤትም መጽሐፍም የላቸውም። ሦስቱ በግንቦት 1895 ተዋሐዱና የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጆን ሾው ቢሊንግስ የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረ፣ የአገሪቱን ታላቅ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያደራጀ ሰው ነው። በ1901 የነጻ ውሰቱ ቤተ መጻሕፍት ከነ11 ቅርንጫፎቹ ተቀላቀለ።

በዚያው ዓመት ደግሞ የብረታ ብረት ንጉሥ የሚባለው አንድሩ ካርኔጊ ብቅ አለ። ለቅርንጫፎች መሥሪያ 5 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ፤ ውል ግን አለው። መሬቱን ከተማው ይሰጣል፤ ለመጻሕፍት፣ ለሠራተኛ፣ ለማገዶ በየዓመቱ የሚከፍለውም ከተማው ነው። ካርኔጊ በሌሎች ከተሞችም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ በተለምዶ የሚጠይቀው በየዓመቱ የስጦታውን 10 በመቶ ነው። በእኔ አስተያየት ከሕንፃዎቹ ይልቅ ትልቁ ነገር ይህ ውል ነው። የባለጸጋ ቸርነት ከባለጸጋው ጋር ይሞታል፤ የከተማ በጀት ውስጥ የገባ ወጪ ግን በየዓመቱ ይነሳል፣ ያከራክራል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። አንባቢውም ከእንግዲህ የሚጠይቀው ምጽዋት ሳይሆን መብቱን ይሆናል።

ካርኔጊን ሳመሰግን ሌላውን ወገን መተው አይገባኝም። በ1892 በፔንስልቬንያ ሆምስቴድ በሚባለው ፋብሪካው ሠራተኞች ከቅጥር ዘበኞች ጋር ተታኩሰው ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል፤ የሠራተኞቹ ማኅበርም ተሰብሯል። በቀን 12 ሰዓት ምድጃ ፊት የሚቆም ሰው መቼ ሊያነብ ነው ብለው ስጦታውን የተቹ ነበሩ። ትችቱ እውነት ነው።

በካርኔጊ ገንዘብ በከተማዋ 67 ቅርንጫፎች ተሠሩ፦ 39ኙ በማንሃተን፣ በብሮንክስና በስታተን አይላንድ፣ 21 በብሩክሊን፣ 7 በኩዊንስ። ብሩክሊንና ኩዊንስ እስከ 1898 ከኒው ዮርክ ተለይተው ይተዳደሩ ስለነበር እስከ ዛሬም የየራሳቸው የቤተ መጻሕፍት አስተዳደር አላቸው። ሕንፃዎቹ ሰፊ መስኮት አላቸው፤ ከመንገድ ላይ ሆኖ ውስጥ የሚያነበው ሰው ይታያል። የሚሞቁት በድንጋይ ከሰል ነበርና ምድጃውን ሌሊትም የሚመግብ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ በብዙዎቹ ላይኛ ፎቅ የጥበቃውና የጽዳቱ ኃላፊ ከነቤተሰቡ ይኖር ነበር። ልጆቹ ሲመሽና በሩ ሲዘጋ ቤተ መጻሕፍቱ ሁሉ የእነሱ ብቻ ይሆናል። አንዳንዶቹ መኖሪያዎች ዛሬም ባዶአቸውን እዚያው አሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ዋናው ሕንፃ በበኩሉ የተነሣው ለከተማዋ የሚጠጣ ውኃ ይጠራቀምበት በነበረ ቦታ ላይ ነው፤ የክሮተን ማጠራቀሚያ ፈርሶ። የመሠረት ድንጋዩ በ1902 ተቀመጠ፤ በግንቦት 23 ቀን 1911 ፕሬዚዳንት ታፍት በተገኙበት ተመረቀ። በማግሥቱ ለሕዝብ ሲከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሰው ጎረፈ። በዚያን ቀን የመጀመሪያው የመጽሐፍ ጥያቄ የቀረበው ጠዋት በ3 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ነው፤ መጽሐፉ በ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ አንባቢው እጅ ገባ። በስድስት ደቂቃ! ያን ጊዜ ጥያቄው በወረቀት ተጽፎ በአየር ግፊት ቱቦ ወደ ታች ይወረወር ነበር፤ ከንባብ አዳራሹ ሥር ባሉት ሰባት ፎቅ መደርደሪያዎች መካከል የሚሮጡ ልጆች መጽሐፉን ፈልገው በአሳንሰር ይልኩት ነበር። የተጠየቀው መጽሐፍም የእንግሊዝኛ አልነበረም፤ ስለ ኒቼና ቶልስቶይ በሩስኛ የተጻፈ የፍልስፍና ሥራ ነው። ከተማዋ ማን እንደሆነች ከዚህ በላይ የሚነግረኝ የለም።

ያም ሆኖ ከዋናው ሕንፃ መጽሐፍ ይዞ መውጣት አይቻልም፤ የምርምር ነው፤ አንብቦ መመለስ ብቻ። እኛም አገር ወመዘክር ገብቶ ያነበበ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ከዚያ ሕንፃ ስብስቦች አንዱ በ1912 ከታይታኒክ መርከብ ጋር የሰጠመው ዊልያም ኦገስተስ ስፔንሰር የተወው ነው፤ እሱ ባወረሰው ገንዘብ በየጊዜው ከተገዙት ብርቅ መጻሕፍት መካከል የግዕዝ ብራናዎች ይገኛሉ።

ወደ ቅርንጫፎቹ ልመልሳችሁ፤ ትልቁ ሥራ የተሠራው እዚያ ነውና። በ1906 አን ካሮል ሙር የሕፃናት ክፍሎች ሁሉ ኃላፊ ሆነች። ከዚያ በፊት ሕፃን ልጅ በቤተ መጻሕፍት የሚታየው እንደ ችግር ነበር፤ ይጮኻል፣ እጁ ይቆሽሻል። ሙር አጭር ወንበርና ዝቅ ያለ መደርደሪያ አሠራች፤ ፀጥታ የሚለውን ማስታወቂያ አወረደች፤ ታሪክ የሚነገርበት ሰዓት አስጀመረች። ልጁ ስሙን መጻፍ ከቻለ በትልቅ መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ መጽሐፉን በቤትም ሆነ እዚህ በደንብ እይዛለሁ፣ ሕጉንም አከብራለሁ ይላል። ከዚያ ይዋሳል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከቅርንጫፎቹ ከሚወጣው መጽሐፍ ሲሶው የሕፃናት ሆነ። ሙር ጉድለትም ነበረባት፤ ያልወደደችውን መጽሐፍ ማንም አይወደውም ባይ ናት። በ1947 የታተመው ‹‹ጉድናይት ሙን›› የሚባለው የሕፃናት መጽሐፍ ዛሬ በዓለም ላይ ይነበባል፤ የኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት ግን በእሷ ተፅዕኖ የተነሣ እስከ 1972 አልገዛውም። በር የሚከፍት ሰው በር መዝጋትም ይችላል።

በታችኛው ምሥራቅ ሰፈር፣ በሰዋርድ ፓርክ ቅርንጫፍ፣ በ1909 ጣሪያው ላይ የንባብ ቦታ ተሠራ። ሰፈሩ በአይሁድ ስደተኞች ታጭቆ፣ በአንድ ክፍል ስንት ቤተሰብ ይኖርበት ስለነበር፣ በበጋ ምሽት ነፋሻ አየር ላይ ቁጭ ብሎ ማንበብ ትልቅ ጸጋ ነው።

በሐርለም፣ በ135ኛው መንገድ ላይ ደግሞ በ1905 የተከፈተ የካርኔጊ ቅርንጫፍ አለ። ሲከፈት በዙሪያው የሚኖሩት በብዛት ነጮች ነበሩ፤ በ15 ዓመት ውስጥ ሰፈሩ የጥቁሮች ሆነ። በ1920 ኧርነስቲን ሮዝ የምትባል ነጭ ሴት የቅርንጫፉ ኃላፊ ሆና ተሾመች። ሮዝ ሠራተኞቹ ሰፈሩን ይምሰሉ አለች፤ በዚያው ዓመት ካትሪን ላቲመር በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያዋ ጥቁር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆና ተቀጠረች። በቀጣዩ ዓመት ከፖርቶ ሪኮ የመጣችው ፑራ ቤልፕሬ ተቀጠረች፤ ኋላም በአሻንጉሊት ትርዒትና በአያቷ ተረት የስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆችን ሰበሰበች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አርቱሮ ሾምበርግ በ1874 በፖርቶ ሪኮ ተወለደ። በልጅነቱ መምህሩ ጥቁሮች ታሪክ የላቸውም ብሎ እንደነገረው ያወራ ነበር። ለዚያ መልስ ፍለጋ ዕድሜውን ፈጀ። መተዳደሪያው በአንድ ባንክ የደብዳቤ ክፍል ውስጥ መሥራት ነው፤ ደመወዙ ግን ለመጽሐፍ ነው። የጥቁር ሕዝብን ታሪክ የሚመለከት መጽሐፍ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ሥዕል ባገኘበት ይገዛል። በ1926 የካርኔጊ ድርጅት ስብስቡን በ10 ሺህ ዶላር ገዝቶ ለ135ኛው መንገድ ቅርንጫፍ ሰጠው፦ ከ5 ሺህ በላይ መጽሐፍ፣ 3 ሺህ የእጅ ጽሑፍ፣ 2 ሺህ የቅርጽ ሥዕል። ሾምበርግ ራሱ ከ1932 ጀምሮ እስኪሞት፣ እስከ 1938 ድረስ፣ የስብስቡ ኃላፊ ሆኖ ሠራ። ዛሬ ቤቱ በስሙ የሾምበርግ ማዕከል ይባላል። ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ በ1921 ሐርለም እንደገባ ከጎበኛቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ቅርንጫፍ ነበር፤ አመዱም በ1991 ከማዕከሉ ወለል ሥር ዐርፏል።

ሾምበርግ በኃላፊነት ላይ ባለበት ዘመን ጣልያን ኢትዮጵያን ወረረ። ሐርለም ተነሣች፤ ሰልፍ ወጣች፤ ገንዘብ አዋጣች። በ1937 ዶክተር መላኩ በያን የኢትዮጵያ የዓለም ፌደሬሽንን በዚያው በኒው ዮርክ አቋቋመ፤ ‹‹የኢትዮጵያ ድምፅ›› የተባለ ጋዜጣም ይወጣ ነበር። የዚያን ዘመን ሐርለም ለኢትዮጵያ ምን እንዳደረገች የሚያጠና ተመራማሪ ዛሬም ደጅ የሚጠናው የሾምበርግ ማዕከልን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በጀቱ ውስጥ የገባ ወጪ በየዓመቱ ያከራክራል ብዬ ነበር። በ1975 ኒው ዮርክ ልትከስር ደረሰች። ሠራተኛ ተቀነሰ፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ የሚከፈቱ ቅርንጫፎች በዙ፤ ዋናው ሕንፃም ሰዓቱን አሳጠረ። ከኋላው ያለው መናፈሻ የዕፅ ሻጮች መዋያ ሆነ። በ1981 የቤተ መጻሕፍቱ ፕሬዚዳንት ሆኖ የመጣው ቫርታን ግሪጎርያን ነው፤ በታብሪዝ፣ ኢራን የተወለደ አርመናዊ። ሀብታሞቹን በእራት ግብዣ፣ ፖለቲከኞቹን በክርክር እያሳመነ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ሕንፃው ታጠበ፣ ታደሰ፣ ሰዓቱ ተመለሰ።

ይሁን እንጂ ሳይታይ የቆየ ሌላ መዝጊያ ነበር፦ ቅጣት። መጽሐፍ ያዘገየ ሰው በቀን ሳንቲም ይቆጠርበታል፤ ዕዳው 15 ዶላር ሲደርስ ካርዱ ይታገዳል። ለባለገቢው ይህ ምንም አይደለም፤ ከፍሎ ይሄዳል። አምስት የሕፃናት መጽሐፍ የወሰደች፣ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ግን ዳግመኛ አትመጣም፤ ልጆቿም አይመጡም። ቆጠራው ሲወጣ 400 ሺህ ገደማ የኒው ዮርክ ነዋሪ ታግዶ ተገኘ፤ ከግማሽ በላዩም በድሃ ሰፈር የሚኖር ነው። በጥቅምት 2021 ሦስቱም የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት የመዘግየት ቅጣትን አስቀሩ፤ የነበረውንም ዕዳ ሰረዙ። መጽሐፉን ጨርሶ የጠፋበት ዋጋውን ይከፍላል፤ ያዘገየ ግን መልሶ ሌላ ይዋሳል። ሰው ያለ ቅጣት መጽሐፍ አይመልስም ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ስድቡ ለአንባቢው ሁሉ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በኅዳር 2023 ከንቲባው በጀት ሲቀንሱ የእሑድ አገልግሎት ቀረ። እሑድ የሚዘጋበት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ ላይ የሚውለው ነው፤ አስተር ቤት ሲደርስ በሩ የሚዘጋበት የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ። ነዋሪው ፊርማ አሰባሰበ፣ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ጻፈ፣ በከተማው አዳራሽ ደጃፍ ቆመ። በሰኔ 2024 ከ58 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመለሰ፤ ሐምሌ ላይ የእሑዱ በር ተከፈተ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ ላይ ስለሚጀምር ክርክሩ በየጸደዩ ያው እንደገና ይመጣል።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)